አቅሙ ሳይለካ በሩ አይከፈት

የ12ኛ ክፍል ፈተና በወሰድሁበት ዓመት የውጤቱ መውጣት የተነገረው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ የምኖርባት ከተማ ሁለት የኢንተርኔት ቤቶች ብቻ ስለ ነበሯት፣ ወሬው በተሰማ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ባንደኛው ቤት በር ላይ ከአርባ የማናንስ ተማሪዎች፣ አንዳንዶቻችን ከነወላጆቻችን፣ ተሰልፈን ቆምን። ሁላችንም ጋሼ የምንለው የቤቱ ባለቤት የመጀመሪያውን ልጅ የመለያ ቁጥር ጽፎ ተጫነው። በመስኮቱ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ መዞር ጀመረች። ዞረች፣ ዞረች፣ አሁንም ዞረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ባዶ ነጭ ገጽ መጣ። ጋሼ እንደገና ተጫነው፤ እኛም በየኪሳችን ያለውን ስልክ እያወጣን እንደርሱ እንጫን ጀመር። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ ካንድ ልጅ በቀር ውጤቱን ያየ አልነበረም፤ እርሱም ቢሆን ያየው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው፤ ሌላው ሳይመጣ ገጹ ጠፋበት።

ወደዚያ ሌሊት በኋላ እመለሳለሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የሰሞኑ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የኮምፒውተር ትምህርት ተምሬ ከወጣሁ ወዲህ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት አዲስ የተሠራ ድረ ገጽ ርክክብ ሲደረግ ለማየት ዕድል ገጥሞኝ ነበር። «ለመሆኑ ተፈትኗል ወይ?» ብዬ ብጠይቅ፣ «እንዴታ! ይኸው እየው» ብሎ አንድ ባለሙያ በፊቴ ከፈተው። ገጹም ዓይን ሳይጨፈን ከተፍ አለ። ሁሉም ደስ አላቸው፤ ሰነዱም ተፈረመ። አንድ ሰው፣ ባንድ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ካለበት ሕንጻ ውስጥ ሆኖ አንድ ጊዜ ከፈተውና ተፈተነ ተባለ። አንድ ድልድይ ተሠርቶ ሲያልቅ አንዲት ዶሮ አሻግሮ «ይኸው ጸንቷል» የሚል መሐንዲስ ቢኖር ፈቃዱን የምንነጥቀው ይመስለኛል። የድረ ገጽ ጊዜ ሲሆን ግን ዶሮዋ መሻገሯ ይበቃናል።

እንግዲህ የጽሑፌ አሳብ ይህ ነው፤ ሕዝብ በብዛት የሚጠቀምበት ማንኛውም ድረ ገጽ፣ በልዩ ልዩ የጭነት መጠን ተፈትኖ አቅሙ በቁጥር ሳይታወቅ ሊረከቡት አይገባም። ይህን የምለው ለባለሙያዎች ብቻ አይደለም። ይልቁንም ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ የርክክብ ሰነድ ለምትፈርሙት ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው።

ብዙ ሰው ሰርቨርን የሚያስበው እንደ መብራት ነው፤ ይበራል ወይም ይጠፋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሰርቨር እንደ ወፍጮ ቤት ነው። አንድ ወፍጮ አለ እንበልና፣ ያንዲት ሴት እህል ለመፍጨት በአማካይ 6 ደቂቃ ይፈጅበት። በሰዓት 10 ሰው ያስተናግዳል ማለት ነው። በሰዓት 5 ሰው ሲመጣለት፣ አንዲት ሴት ከደረሰችበት ጊዜ አንሥቶ ዱቄቷን ተሸክማ እስክትወጣ ድረስ በአማካይ 12 ደቂቃ ትቆያለች። በሰዓት 8 ሰው ሲመጣ ቆይታዋ 30 ደቂቃ ይሆናል። 9 ሰው ሲመጣ 60 ደቂቃ ይሆናል። ልብ በሉ፤ የተጨመረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ቆይታው ግን እጥፍ ሆነ። በሁለት ሰዓት 19 ሰው ሲመጣ ሁለት ሰዓት፣ በመቶ ሰዓት 990 ሰው ሲመጣ ደግሞ አሥር ሰዓት መቆየት ግድ ነው። ወፍጮው አልተሰበረም፤ ፍጥነቱም አልቀነሰም፤ አሁንም ያንዲቱን እህል በ6 ደቂቃ ይፈጫል። ነገር ግን ሰው የሚመጣው በቀጠሮ ሳይሆን እንደ ደረሰው ስለሆነ፣ የእህሉም መጠን እኩል ስላልሆነ፣ አቅም ሊሞላ ሲቃረብ ሰልፉ እንዲህ ባለ አኳኋን ይረዝማል።

ይህ ከእኔ የፈለቀ ጥበብ አይደለም። አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ በኮፐንሃገን ቴሌፎን ኩባንያ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ለስንት ደንበኛ ስንት መስመርና ስንት ቴሌፎን አገናኝ ያስፈልጋል የሚለው ጥያቄ ቀረበለት። እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ ጥሪዎች አመጣጥ፣ በ1917 ደግሞ ስለሚጠፉና ስለሚጠብቁ ጥሪዎች የጻፋቸው ጽሑፎች ዛሬ የሰልፍ ሒሳብ ለሚባለው ትምህርት መሠረት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1946 የቴሌፎን ጭነት መለኪያ በስሙ «ኤርላንግ» ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ። ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀውን ነገር፣ ዛሬ የውጤት ቀን በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ መዓት ስንደነቅበት መኖራችን ያሳዝናል።

ከኤርላንግ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1961 ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በማስረጃ ያጸናት አንዲት ቀላል ደንብ አለች። በአንድ ቤት ውስጥ ባንድ ጊዜ የሚገኘው የሰው ብዛት፣ በየሰዓቱ የሚገባው ሰው ባንዱ ሰው የቆይታ ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። ተራ ነገር ትመስላለች። ነገር ግን በሰርቨር ላይ ስናውላት ብዙ ትናገራለች። በሰከንድ 200 ጥያቄ ይመጣል እንበል፤ እያንዳንዱም በግማሽ ሰከንድ ይመለስ። በውስጡ ባንድ ጊዜ የሚገኙት ጥያቄዎች 100 ናቸው፤ ሰርቨሩም ለ100 ጥያቄ የሚበቃ ቦታ ካለው ይስማማዋል። ዳታቤዙ ታክቶት የመልሱ ጊዜ ከግማሽ ወደ 2 ሰከንድ ቢረዝም ግን፣ የሚመጣው ሰው ሳይጨምር 400 ቦታ ያስፈልጋል። 300ው በር ላይ ቀረ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ሰው በዛብን» ማለት ስሕተት ነው። ሰው አልበዛም፤ ሥራው ከውስጥ ዘገየ እንጂ። ይህን ለይቶ ለማወቅ መለካት ያስፈልጋል።

አለካኩስ እንዴት ነው? መሣሪያው ውድ አይደለም፤ እንደ አፓቺ ጄሜተር ያሉ ያለ ዋጋ የሚገኙ ፕሮግራሞች አሉ። እነዚህ ፕሮግራሞች ብዙ ሰዎች መስለው ሰርቨሩን ይጠይቁታል። በሰከንድ በ10 ጥያቄ ይጀመራል፤ ጥቂት ደቂቃ ከቆዩበት በኋላ ወደ 50፣ ወደ 100፣ ወደ 200 እያሉ ከፍ ማድረግ ነው። በያንዳንዱ እርከን ላይ መልሱ ስንት ጊዜ እንደ ፈጀ፣ ስንቱ ጥያቄ በትክክል እንደ ተመለሰ፣ ስንቱ በስሕተት እንደ ተባረረ ይጻፋል። ከዚሁ ጋራ ሰርቨሩ ውስጥ የፕሮሰሰሩ፣ የማስታወሻው፣ የዲስኩና የዳታቤዙ ሁኔታ መመዝገብ አለበት። በመጀመሪያ ጭነቱ ሲጨምር የሚመለሰውም ጥያቄ አብሮ ይጨምራል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ጭነቱ ይጨምራል፣ መልሱ ግን ባለበት ይቆማል፤ የመልሱ ጊዜም ሽቅብ ይወጣል። ከዚያም አልፎ ቢገፉት የሚመለሰው ጥያቄ እየቀነሰ ይሄዳል። ሰርቨሩ ሥራውን ትቶ ሰልፉን በማስተካከል ብቻ ይደክማል ማለት ነው። ያ መታጠፊያ ቦታ የት እንደ ሆነ ያላወቀ መሥሪያ ቤት የራሱን ንብረት አላወቀም።

ለካን ከሚሉትም መካከል ብዙዎቹ የሚያሳዩት አማካይ የሚባለውን ቁጥር ብቻ ነው። በዚህ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ባንድ የቡድን ሥራ አማካዩን ብቻ ጽፌ አስተማሪዬ ፊት አፍሬበታለሁ። ከ100 ጥያቄዎች 95ቱ በ0.2 ሰከንድ ተመለሱ፤ 5ቱ ግን 30 ሰከንድ ፈጁ እንበል። አማካዩ 1.69 ሰከንድ ነው። ደግ ይመስላል። ነገር ግን ከመቶው ሰው 1.69 ሰከንድ የጠበቀ አንድም የለም! ዘጠና አምስቱ ከዚያ እጅግ ፈጥኖላቸዋል፤ አምስቱ ደግሞ ተስፋ ቆርጠው ሄደዋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት፣ ከመቶው 95ኛው፣ ከመቶውም 99ኛው ሰው ስንት ጠበቀ የሚለው ነው። ከመቶ አንድ ሰው ቢዘገይ ምን አለበት የሚል ቢኖር፣ የጉግል ባለሙያዎች ጄፍ ዲንና ሉዊዝ አንድሬ ባሮዞ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጽሑፍ ያሳዩትን ይመልከት። አንድ ገጽ ለመሙላት 100 ሰርቨሮች መጠየቅ ቢኖርባቸው፣ እያንዳንዱም ሰርቨር ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢዘገይ፣ ከመቶ ገጾች 63ቱ ይዘገያሉ። የአንዱ ዝግመት የሁሉ ዝግመት ይሆናል።

ሌላው የሚያሳስተው ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል። ብዙዎቹ መፈተኛ ፕሮግራሞች፣ በተለይ ሳይታሰብባቸው ከተሰናዱ፣ የላኩት ጥያቄ እስኪመለስ ድረስ ሌላ አይልኩም። ሰርቨሩ ሲቆም ፈታኙም በትሕትና አብሮ ይቆማል። በሰከንድ 100 ጥያቄ ሊልክ የታሰበ ፈታኝ 100 ሰከንድ ሙሉ መልሱን በ1 ሺኛ ሰከንድ ውስጥ ሲያገኝ ይቆይና፣ ከዚያ ሰርቨሩ ለ100 ሰከንድ ቀጥ ብሎ ይቁም። ፈታኙ የሚጽፈው 10,000 ፈጣን መልሶችንና አንድ ቀርፋፋ መልስ ነው፤ አማካዩም ከሰከንድ መቶኛ ክፍል እምብዛም አይበልጥም። በእውነቱ ግን ሰርቨሩ በቆመበት ጊዜ ሌሎች 10,000 ሰዎች መጥተው በአማካይ ሃምሳ ሃምሳ ሰከንድ በጠበቁ ነበር፤ የሁሉም አማካይ 25 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ጊል ቴኔ የተባለ የአዙል ሲስተምስ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ይህንን ስሕተት ስም አውጥቶለት በየጉባኤው ሲያስተምርበት ቆይቷል። ሕዝብ እንደ ፈታኙ ትሑት አይደለም። ሰርቨሩ ቆሟል ብሎ ከቤቱ መምጣቱን አይተውም፤ ይልቁንም ደጋግሞ ይጫናል። እኛ በዚያ ሌሊት አርባ ልጆች ሆነን በየስልካችን ስንጫን የአርባ ሳይሆን የአራት መቶ ሰው ጭነት እንጭን ነበር። ገጹን ከገደሉት አንዱ እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ይህን ያወቅሁት ግን ሦስተኛ ዓመት ስደርስ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ ነው ብሎ የሚያዝን ካለ፣ የሀብታሞቹን አገር ታሪክ ያንብብ። በአሜሪካ የጤና መድን መግዣ የሆነው ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2013 ተከፈተ። ለ36 ግዛቶች ሕዝብ የሚያገለግል ነበር። ባለሥልጣናቱ እንደ ተናገሩት ባንድ ጊዜ ከ50,000 እስከ 60,000 ሰው ይመጣል ተብሎ ታስቦ ሳለ፣ የመጣው እስከ 250,000 ደረሰ። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የፈጸሙት ስድስት ሰዎች ብቻ እንደ ነበሩ በኋላ ለሕዝብ በወጣው የስብሰባ ማስታወሻ ታወቀ። ስድስት ሺህ አላልሁም፤ ስድስት ነው። የሚያስደንቀው ግን የሰው መብዛት አይደለም። ሊከፈት ጥቂት ቀን ሲቀረው በጥቂት መቶ ሰዎች ጭነት ብቻ በተደረገው ሙከራ መውደቁ በጋዜጦች ተዘግቧል። ተቋራጮቹም በምክር ቤት ቀርበው ሲጠየቁ፣ ሥራው ከዳር እስከ ዳር ተያይዞ የተፈተነው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ መሆኑን ተናገሩ። የኛ ሰው ለሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚለው ይህንን ነው።

በተጨማሪም አንድ የዕቅድ ጉድለት ነበረበት። ማንም ሰው ዋጋውን ለማየት እንኳ አስቀድሞ ስሙን ማስመዝገብ ነበረበት፤ ስለዚህ ሕዝቡ ሁሉ ባንዲት ጠባብ በር ላይ ተጨናነቀ። በኋላ የመጡት ጠጋኞች የጀመሩት ከመለካት ነው። የት ላይ እንደሚዘገይ የሚያሳይ መቆጣጠሪያ አቆሙና፣ በየቀኑ እያዩ አንዱን ጠባብ ቦታ ሲያሰፉ ቀጥሎ ያለው እየታያቸው ሄዱ። መንግሥት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 2013 ባወጣው መግለጫ 8 ሰከንድ የነበረው አማካይ የመልስ ጊዜ ከ1 ሰከንድ በታች መውረዱን፣ ከመቶ 6 የነበረው ስሕተትም ከመቶ 1 በታች መሆኑን አስታወቀ። (እዚህም ላይ አማካይ ነው የሚሉን፤ 99ኛው ሰው ስንት እንደ ጠበቀ አልነገሩንም።) ከአቅም በላይ ሰው ሲመጣ ደግሞ ተራ ጠብቁ፣ ተራችሁ ሲደርስ በኢሜል እንጠራችኋለን የሚል ገጽ አዘጋጁ። ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኔ ከሁሉ ይልቅ ይማርከኛል። ሁሉንም አስገብቶ ሁሉንም ከማነቅ፣ የሚችለውን ያህል አስተናግዶ ለቀረው «ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመለስ» ማለት ክብር ነው።

«ትልቅ ሰርቨር ይገዛና ያልቃል» የሚሉ አሉ። ያልቃል ወይ? የሚዘገየው ዳታቤዙ ከሆነ፣ ወይም አንድ ሠንጠረዥ ሁሉም ሰው ተራ በተራ የሚጽፍበት ከሆነ፣ ፕሮሰሰር መደርደር ገንዘብ ማባከን ነው። ጂን አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 እንዳሳየው፣ ከሥራው ከመቶ 5 እጁ ተራ በተራ ካልሆነ የማይሠራ ከሆነ፣ ሺህ ፕሮሰሰር ቢደረደር ፍጥነቱ ከ20 እጥፍ አይበልጥም። ሰርቨር በኪራይ ከሚሰጡት ትልልቅ ኩባንያዎች መከራየትም ይረዳል፤ እኔም አልቃወመውም፤ ነገር ግን ጠባቡን በር ሳያውቁ ሰፊ ግቢ መከራየት ሰልፉን ወደ ግቢው ውስጥ ማዛወር ብቻ ነው።

ሌሎች ደግሞ «በዓመት አንድ ቀን ለሚሆን ነገር ይህን ያህል ድካም ለምን?» ይላሉ። ይህን አሳብ ጨርሶ ልቀበለው አልችልም። የውጤት መመልከቻ ድረ ገጽ የተሠራው ለዚያች አንድ ቀን ነው። በቀሩት 364 ቀናት ማን ይፈልገዋል? ደግሞም ነገሩ ከመመልከት እያለፈ ሄዷል። በ2016 ዓ.ም. ከ12ኛ ክፍል ተፈታኞች አንዳንዶቹ ፈተናውን ራሱን በኮምፒውተር ወስደዋል። ውጤት ቢዘገይ እንቅልፍ ያሳጣል እንጂ ውጤቱ አይለወጥም፤ በፈተና መካከል ሰርቨር ቢዘገይ ግን የጠፋውን ደቂቃ ለልጁ የሚመልስለት ማነው?

ስለዚህ ወጣቱ ባለሥልጣን ሆይ፣ ሰነዱ ለፊርማ ሲቀርብልህ ብዙ ምሁር መሆን አያስፈልግህም። በጣም በሚበዛበት ሰዓት ስንት ሰው ይመጣል ብላችሁ ገመታችሁ፣ ግምቱንስ ከየት አገኛችሁት ብለህ ጠይቅ፤ የተፈታኞቹ ቁጥር በመዝገብ የታወቀ ነውና ለዚህ ሰበብ የለም። የዚያን ሦስት እጥፍ ጭናችሁ አይታችኋል ወይ በል። 99ኛው ሰው ስንት ጠበቀ? ሲወድቅ በምን ወደቀ፣ ከወደቀስ በኋላ ለመነሣት ስንት ደቂቃ ፈጀበት? ፈተናው የተደረገው ከሕንጻው ውስጥ ነው ወይስ ከደሴና ከጎሬ በስልክ መስመር? በዝግታ የሚሠራ መስመር የያዘ ሰው የሰርቨሩን ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚይዝ፣ ከውጭ ያለው ፈተና ከውስጡ ይከፋል። መልሱ «ወደፊት እናየዋለን» ከሆነ ብዕርህን ወደ ኪስህ መልስ። የሚቆጡህ አለቆች ይኖራሉ፤ የምርቃቱ ቀን ተቆርጧል፣ እንግዳ ተጠርቷል ይሉሃል። ያን ጊዜ መጽናት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እኔም በዚያ ርክክብ ላይ ዝም ብዬ ወጥቻለሁ።

ወደዚያ ሌሊት ልመለስ። እኩለ ሌሊት ሲሆን ወላጆች ልጆቻቸውን እየያዙ ገቡ። የቀረነው ከገጠር መጥተው የሚያድሩበት ያልነበራቸው ሦስት ልጆችና እኔ ነበርን፤ ጋሼም አዝኖልን ቤቱን ሳይዘጋ አብሮን ቆየ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዱ አንድ ጊዜ ቢጫነው ገጹ ወዲያው ከተፍ አለ። ማንም ምንም የጠገነ ነገር አልነበረም፤ አገሩ ተኝቶ ስለ ነበር ነው። ጋሼ የአርባውንም ልጆች የመለያ ቁጥር በደብተር ጽፎ ይዞት ኖሮ፣ አንድ በአንድ እየጠራ ውጤታቸውን ከቁጥራቸው አጠገብ ጻፈ። ሲነጋጋ በሩ ላይ ለመጡት እናቶች ያነበበላቸው ከደብተሩ ነው፤ ገጹ በዚያን ሰዓት እንደገና መዞር ጀምሮ ነበር።